«ሉፕ ልብ ድረስ ይወጣል ይሉኛል»

ከሰሚት የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ረጅም ስለሆነ ሁሉንም እዚህ ማውጣት አልችልም። ሌሎቹ አንባቢዎች እንዲከተሉን ግን ባጭሩ ልንገራቸው። ዕድሜሽ 31 ነው። ሁለት ልጆች አሉሽ፣ ትንሿ ዓመት አልፏታል፣ አሁንም ትጠባለች። ከወለድሽ በኋላ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ጀምረሽ ደሙ መጣ ሄደ እያለ አሰለቸሽ፣ ኪሎም ጨመርሽ፣ ተውሽው። ሦስተኛ ልጅ ትፈልጊያለሽ፣ ግን «ምናልባት ከሦስት አራት ዓመት በኋላ»። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ስለ ሉፕ፣ ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው የወሊድ መከላከያ፣ እንድታስቢበት ነገረችሽ። አንቺም ነገሩን ቡና ላይ አነሳሽውና ጉድ ፈላ። አንዷ «ልብ ድረስ ይወጣል» አለች፣ ሌላዋ «ማህፀን ያበሰብሳል»፣ ሌላዋ ደግሞ «ከባድ ሥራ አያሠራም»። አንዲት ጓደኛሽ ሲያስገቡላት ራሷን ስታ እንደነበር አጫወተችሽ። አማትሽ ሰምተው አኩርፈዋል። ባልሽ ይስማማል፣ ግን ከሉፑ ጫፍ የሚንጠለጠለው ክር እንዳይወጋው ፈርቷል። መጨረሻ ላይ «እውነቱን ንገሪኝ፣ አንቺ አስገብተሽ ታውቂያለሽ? ያማል ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አስገብቼ አውቃለሁ። ያማል። አንዳንዷን ትንሽ ያማል፣ አንዳንዷን በጣም። «አይታወቅሽም፣ ምንም ማለት አይደለም» የምትልሽ ካለች ወይ እሷ ዕድለኛ ነበረች ወይ አስገብታ አታውቅም። ቡና ላይ የሰማሽው ደግሞ እውነቱና ተረቱ አንድ ላይ ተቦክቶ ነው የቀረበልሽ። እውነት የሆነውን ለብቻው ካወጣነው የሚፈራው ነገር ትንሽ ነው፣ ለሱም መዘጋጀት ይቻላል።

በነገራችን ላይ፣ እዚያ ቡና ላይ ከተቀመጡት ሉፕ ያስገባች ስንት ነበረች? ከዚያች ጓደኛሽ በቀር አንድም ባትኖር አይገርመኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ያገቡ ሴቶች 27ቱ መርፌ፣ 9ኙ ክንድ ላይ የሚቀበረውን ሲጠቀሙ፣ ሉፕ የሚጠቀሙት 2 ብቻ ነበሩ። ስለ መርፌ ብታነሺ ሁሉም ከራሷ ትነግርሻለች። ስለ ሉፕ የሚያወራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያላየው ሰው ነው።

እሺ፣ ከልቡ ልጀምር። ሉፕ ወደ ልብ አይወጣም፣ የሚወጣበት መንገድም የለም። ዕቃው ፊደል ቲ የመሰለ ትንሽ ፕላስቲክ ነው፣ ርዝመቱ 3 ሳንቲ ተኩል አካባቢ ነው፣ ላዩ ላይ መዳብ ተጠምጥሞበታል። ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል፣ ማህፀን ደግሞ ወፍራም ጡንቻ ነው። ወደ እንቁላል ማምረቻው የሚሄዱት ቱቦዎች ይህን ዕቃ ሊያሳልፉ ቀርቶ ጫፉንም አያስገቡም። ሊፈጠር የሚችለው፣ ያውም ከ1000 ሴቶች በአንዷ ገደማ ላይ፣ በሚገባበት ሰዓት የማህፀኑን ግድግዳ መብሳት ነው። ያኔ ሉፑ ሆድ ውስጥ ይገኛል፣ ብዙውን ጊዜም በትንሽ ቀዳዳ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ይወጣል። የምታጠባ ሴት ላይ ይህ ዕድል ከፍ ይላል፣ በተለይ ከወለደች ገና ጥቂት ወራት ከሆናት። አንቺ ዓመት አልፎሻል። ቢሆንም ስታጠቢ እንደሆነ ንገሪያቸው፣ ደግሞም ሥራውን አዘውትራ የምትሠራ ባለሙያ ምረጪ። እጇ የለመደ ሲስተር ብዙ ለውጥ ታመጣለች።

«ማህፀን ያበሰብሳል» የሚለው ግን ሙሉ በሙሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1974 አሜሪካ ውስጥ ዳልኮን ሺልድ የሚባል ሉፕ ይሸጥ ነበር። ክሩ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ስለነበር ጀርም በክሩ ውስጥ እየሳበ ወደ ማህፀን ይገባ ነበር። ብዙ ሴቶች ክፉኛ ታመሙ፣ መካን የሆኑም ነበሩ፣ የሞቱም ነበሩ። ክሱ በዝቶ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1985 ኪሳራ አወጀ። ከዚያ ወዲያ የሉፕ ስም ለዓመታት ጠፋ። ዛሬ አንቺ የምታስገቢው ሉፕ ክሩ አንድ ወጥ ነው። ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድሉም በዋናነት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ነው፣ ያውም ዝቅተኛ ነው፣ ደግሞም ይበልጥ የሚያሰጋው ሉፑ ሲገባ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ቀድሞ በነበረባት ሴት ላይ ነው። ስለዚህ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ካለሽ፣ ወይም ሆድሽን ከታች የሚያምሽ ከሆነ፣ ሳታፍሪ ተናገሪ። መጀመሪያ ታክመሽ ከዚያ ይገባል። ሉፕ ከአባላዘር በሽታና ከኤችአይቪ እንደማይከላከልም እግረ መንገዴን ላስታውስሽ፣ ለሱ ኮንዶም ነው ያለው።

ስለ መውለድ ያነሳሽው ደግሞ ለአንቺ ሉፕን ከመርፌው የሚያስመርጥ ነው። መርፌውን ያቆመች ሴት ለማርገዝ ወራት ሊወስድባት ይችላል፣ ዓመት የሚጠጋበትም ጊዜ አለ። ሉፕ ግን በወጣ በዚያው ወር ልታረግዢ ትችያለሽ። ሦስተኛ ልጅ ስትፈልጊ ሄደሽ ታስወጪዋለሽ፣ አለቀ።

አሁን ወደ ህመሙ። የራሴን ልንገርሽ።

ያስገባሁት ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። ካርድ አወጣሁ፣ ወረፋ ጠበቅሁ፣ የሽንት ምርመራ አደረጉልኝ፣ የመጨረሻው የወር አበባዬ መቼ እንደነበር ጠየቁኝ። ከዚያ አልጋ ላይ ወጣሁ። መጀመሪያ በእጃቸው ማህፀኑ በየት በኩል እንደተኛ ይመረምራሉ። ቀጥሎ ያው በወሊድ ክትትል የምታውቂው መክፈቻ ይገባል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ይጨንቃል እንጂ አያምም። የማህፀን በር ይታጠባል። ከዚያ በሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መቆንጠጫ አለ፣ እሱ ሲነክስሽ የመጀመሪያው ህመም ይመጣል፣ አጭር ነው። ቀጥሎ የማህፀኑን ጥልቀት የሚለካ ቀጭን ዘንግ ይገባል። እዚህ ላይ ነው እኔ ጥርሴን የነከስኩት። ሆድን ከውስጥ ጨምድዶ የሚይዝ ቁርጠት ነው፣ ምጥ ሲጀምር እንዳለው ዓይነት፣ ወገብ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ሉፑ ራሱ ሲገባ ያው ቁርጠት አንዴ ይደገማል። ክሩን ቆርጠው «ጨረስን» አሉኝ። ከባዱ ሰዓት በሰከንዶች የሚቆጠር ነው፣ ሁሉም ነገር ተደምሮ ከአስር ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ቤት ገብቼ ግን ማታውን ሆዴን ይዤ ነው የተኛሁት፣ በነጋታውም ትንሽ ነበረ።

ከህመሙ ይልቅ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። ስጨነቅ ያየችኝ ባለሙያ «ወልደሽ የለ እንዴ፣ ይሄ ምን አላት?» አለችኝ። ይህቺን ንግግር አልወዳትም። መውለዴ ሌላ ህመም እንዳይሰማኝ አያደርግም። እውነት ነው፣ በምጥ የወለደች ሴት በአብዛኛው ካልወለደችው ያነሰ ነው የሚያማት። ይህ ግን በአብዛኛው ነው፣ በአንቺ ላይ እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በኦፕራሲዮን የወለድሽ ከሆነ ደግሞ ያንን ቀድመሽ ንገሪ። ሳትወልድ ያስገባች ባልደረባ አለችኝ፣ እሷ «እንባዬ ሳላስበው ነው የወረደው» ነው የምትለው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፣ ሁለት ወልዳለች፣ «መርፌ ከመወጋት የማይብስ» ብላ ሳቀችብኝ። ሁለቱንም አምናቸዋለሁ።

ጓደኛሽ ራሷን የሳተችውም ውሸት አይደለም። የማህፀን በር ሲነካ አንዳንድ ሴት ላይ የልብ ምት ይቀንሳል፣ ደም ግፊት ይወርዳል፣ ያልባታል፣ ያዞራታል። እግሯን ከፍ አድርጋ ጥቂት ደቂቃ ስትተኛ ይመለሳል። ልቧ ተጎድቶ አይደለም። (ወሬው እየዞረ ሲመጣ «ልብ ድረስ ወጣባት» የሆነው በዚህ በኩል ይሆን? አላውቅም፣ ግን ጠርጥሬያለሁ።) ባዶ ሆድ መሆን ይህንን ያብሳል። ስለዚህ እባክሽ በጾም ቀን፣ ከሌሊት ጀምሮ እህል ሳትቀምሺ፣ ጠዋት ሄደሽ አልጋ ላይ እንዳትወጪ። ወይ ፍስክ ቀን ምረጪ፣ ወይ ጾምሽን ፈትተሽ፣ በልተሽ፣ ከሰዓት ሂጂ። ሲያልቅም ወዲያው ዘለሽ አትነሺ። ሲስተሯ ወረፋ በዝቶባት ብታጣድፍሽም «ትንሽ ልተኛ» በያት።

ስለ ማስታገሻ። ብዙዎች ከመሄዳቸው ከአንድ ሰዓት በፊት አይቡፕሮፌን ይውጣሉ። እውነቱን ለመናገር በሚገባበት ቅጽበት ያለውን ህመም ብዙም አይቀንሰውም፣ የሚጠቅመው በኋላ ለሚመጣው ቁርጠት ነው። ጨጓራ ካለሽ ግን አይቡፕሮፌን ይቅርብሽ፣ ፓራሲታሞል ይሻልሻል። ሌላው ማደንዘዣ ነው። የማህፀን በር አካባቢ በመርፌ የሚሰጥ ወይም የሚቀባ ሊዶኬይን የሚባል አለ። አሜሪካ ውስጥ ሴቶች «ለምን ያለ ማደንዘዣ?» እያሉ ለዓመታት ሲጮሁ ቆይተው፣ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባለሙያዎች ስለ ህመሙ አስቀድመው ከሴቶች ጋር እንዲነጋገሩና ሊዶኬይንም ሊጠቅም እንደሚችል በመመሪያው ላይ አስፍሯል። እኛ አገር በየጤና ጣቢያው ታገኚዋለሽ አልልሽም። ግን መጠየቅ ነውር አይደለም። «ማደንዘዣ አላችሁ?» በያት። ከሌለም «ሲያመኝ አቁሚ ካልኩሽ ታቆሚልኛለሽ?» በያት፣ ይሄ ምንም ወጪ የለውም፣ ከማንኛውም ክኒን በላይ ደግሞ ልብን ያሳርፋል። አቆማለሁ ካላለች ተነሺና ሌላ ቦታ ሂጂ።

ከዚህ በላይ አስቢበት የምልሽ ግን ደሙን ነው። የመግቢያው ህመም በአንድ ቀን ያልፋል። ባለመዳቡ ሉፕ የወር አበባን ያበዛል፣ ያረዝማል፣ ቁርጠቱንም ይጨምራል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት። እኔ ከወትሮው በላይ ሞዴስ እገዛ ነበር፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ረገበልኝ። ያቺ ባልደረባዬ ግን አልረገበላትም፣ ወራት ጠብቃ አስወጣችው። ሰው ሁሉ «ትንሽ ብትታገሺ» ሲላት ነበር። እኔ ግን ደግ አደረገች ባይ ነኝ፣ የሚደማው የሷ ገላ ነው።

ቆራቢ መሆንሽን ጽፈሻል። ይህንን ጉዳይ ጤና ጣቢያ ላይ ማንም አያነሳልሽም፣ ለብዙ ሴቶች ግን ዋናው እሱ ነው። የወር አበባሽ አምስት ቀን ከነበረ ሰባት ወይም ስምንት ሊሆን ይችላል፣ በመሀል ደግሞ ጠብ ጠብ የሚል ይኖራል። ያ ማለት ቤተ ክርስቲያን ውጭ ቆመሽ የምትሳለሚባቸው ቀናት ይበዛሉ ማለት ነው። በመርፌው ጊዜ ያንገበገበሽም ይኸው መሆኑን ከጽሑፍሽ ተረድቻለሁ። ለፍልሰታ ልትቆርቢ ካሰብሽ ሰኔ ላይ አታስገቢ። ወይ ብዙ ወራት ቀደም አድርጊው፣ ወይ ጾሙ ካለፈ በኋላ ይሁን። ስለ ወሊድ መከላከያ ራሱ ከንስሐ አባትሽ ጋር የምትነጋገሪው ነገር ካለ የአንቺና የሳቸው ነው፣ እኔ አልገባበትም። ሲጠይቁሽ በትክክል እንድትመልሺ ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሉፕ የተረገዘ ጽንስ ለማስወረድ የሚገባ አይደለም። ዋና ሥራው የወንዱ ዘር እንቁላሉ ጋ በሕይወት እንዳይደርስ ማድረግ ነው፣ መዳቡ ዘሩን ያዳክመዋል።

ደብዳቤሽ ላይ በጨረፍታ ያለፍሽው ግን እኔን ያስቆመኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «ሁለተኛዋን ሳረግዝ ደም ማነስ አለብሽ ተብዬ ነበር» ብለሻል። እህቴ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሚያጠባ፣ የሚጾም፣ ደም ማነስ የነበረበት ሰውነት ላይ የበዛ የወር አበባ መጨመር ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ደምሽን ተመርመሪ፣ ሄሞግሎቢን ለኩልኝ በያቸው። ጥሩ ከሆነ ባለመዳቡን መቀጠል ትችያለሽ። ዝቅ ያለ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱን አስተካክዪ፣ ስለ ሌላውም ዓይነት ጠይቂ።

ሌላው ዓይነት ሆርሞን ያለበት ሉፕ ነው። ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን በየቀኑ በጥቂቱ ማህፀን ውስጥ ይለቃል። የአክስቴ ልጅ ያስገባችው እሱን ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ አለባት፣ ከዚያ የወር አበባዋ እየቀነሰ ሄዶ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ደም የሚበዛባቸው ሴቶች እንዲያውም እንደ ሕክምና ይወስዱታል። እዚህ በሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም፣ ጠይቀሽ ማፈላለግ ይኖርብሻል። ክንድ ላይ የሚቀበረውም አለ፣ እንደ ዓይነቱ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ይሠራል፣ ግን እሱም እንደ መርፌው ደሙን መጣ ሄደ ሊያደርገው ይችላል። አንቺን ከመርፌ ያስወጣሽ እሱ ስለሆነ ብዙም አልገፋፋሽም። የእኔ አስተያየት ይኸው ነው፦ ደምሽ ደህና ከሆነ መዳቡ፣ ካልሆነ ሆርሞኑን ፈልጊ። ባለመዳቡ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፣ ለአስር ዓመት ይሠራል፣ እስከ 12 ዓመት እንደሚያገለግል ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ከ100 ሴቶች በዓመት ውስጥ የሚያረግዙበት አንድ እንኳ አይሞሉም።

ግን ሊወጣ ይችላል፣ ይሄንንም ቡና ላይ ማንም አልነገረሽም። ከ100 ሴቶች ከ2 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ዓመት፣ በወር አበባ ሰዓት ሳይታወቅ ይወርዳል። አንዲት ጎረቤቴ መውደቁን ያወቀችው ካረገዘች በኋላ ነው። ስለዚህ በተለይ መጀመሪያ አካባቢ የወር አበባሽ ሲያበቃ እጅሽን ታጥበሽ ክሩን በጣትሽ ፈልጊው። ካለ፣ ጥሩ። ከጠፋ፣ ወይም ጠንካራ የፕላስቲክ ጫፍ ከነካሽ፣ እስክትታዪ ድረስ ኮንዶም ተጠቀሙ። ክሩን መጎተት ግን የለም! የወር አበባሽ ከቀረ አትጠብቂ፣ ሂጂና ተመርመሪ። ከሉፕ ጋር እርግዝና ብርቅ ነው፣ ከተፈጠረ ግን ከማህፀን ውጭ የመሆን ዕድሉ ከወትሮው ይበልጣል፣ እሱ ደግሞ አደገኛ ነው። ትኩሳት፣ የሚብስ የሆድ ህመም፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ ካየሽም እንደዚሁ በዚያው ቀን ሂጂ።

መርፌውን ካቆምሽ ወዲህ ምን ስትጠቀሙ እንደነበር አልጻፍሽልኝም። ሉፕ በወር አበባ ሰዓት ብቻ ነው የሚገባው የሚሉ አሉ፣ ልክ አይደለም። እርጉዝ አለመሆንሽ ከተረጋገጠ በማንኛውም ቀን ይገባል፣ ባለመዳቡ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ይሠራል። ሳትጠነቀቁ ያደራችሁበት ሌሊት ካለና አምስት ቀን ካልሞላው ደግሞ፣ መዳቡ ያንንም ይከላከላል፣ ከድንገተኛው ክኒን በተሻለ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም።

ባልሽን በተመለከተ። ክሩ ቀጭንና ለስላሳ ነው፣ ከጊዜ ጋር ደግሞ ይበልጥ ይለሰልስና የማህፀን በር ላይ ይጠቀለላል። አብዛኛው ወንድ ምንም አይሰማውም። የሚሰማው ካለ ብዙውን ጊዜ ክሩ በጣም አጥሮ ስለተቆረጠ ነው፣ አጭር ክር ቆሞ ይቀራልና ይወጋል። ስለዚህ «ከባሌ የተነሳ አሳጥሪልኝ» እንዳትዪ። በመጀመሪያ ረዘም ይበል፣ ካስቸገረው ተመልሰሽ ታስተካክያለሽ። ይህን ራሱ እንዲሰማው ይዘሽው ሂጂ። ውጭ ቁጭ ብሎ ልጅቷን ይያዝልሽ፣ ስትወጪ ደግሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ብቻሽን አትቆሚም።

አማትሽ። የልጅ ልጅ ናፍቀው ነው እንጂ ክፉ አስበው አይመስለኝም፣ ግን ይህ ጉዳይ የሳቸው አይደለም። ፈቃድ ልትጠይቂያቸው አይገባም፣ ልታስረጃቸውም ግዴታ የለብሽም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ላይ ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከል የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይላል። ይህንን ምሳ ላይ አንብቢላቸው ማለቴ አይደለም፣ ቤቱ ይፈርሳል። «እማዬ፣ ሰውነቴ ዕረፍት ያስፈልገዋል፣ ሦስተኛው በጊዜው ይመጣል» ብለሽ ዝም በያቸው። ውሸትም አይደለም፣ ደም ማነስ የነበረበት ሰውነት ዕረፍት ያስፈልገዋል። ባልሽም እናቱ ስለሆኑ ቃሉን እሱ ቢናገር ይሻላል።

አንድ ነገር ግን በደንብ ያዢልኝ። ካልተስማማሽ ማስወጣት ትችያለሽ። ዓመት መሙላት የለብሽም፣ «ምክንያትሽ ምንድን ነው» ተብለሽ መከራከርም የለብሽም። ማስወጣቱ ከማስገባቱ በጣም ይቀላል፣ ክሩ ተይዞ ቀስ ተብሎ ይሳባል፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ቆንጠጥ አድርጎ ያልቃል። «ገና አዲስ ነው፣ ታገሺ» ብለው የሚመልሱ ባለሙያዎች አሉ፣ ደርሶባቸው የጻፉልኝ ሴቶችም አሉ። ምክራቸውን ስሚ፣ አንዳንዴ እውነት በሚቀጥለው ወር ይረግባል። ሰምተሽ አሁንም ይውጣልኝ ካልሽ ግን መውጣት አለበት። እንዲያውም ከማስገባትሽ በፊት ጠይቂያት፦ «ብፈልግ በማንኛውም ቀን ታወጪልኛለሽ?» መልሷን ስትሰሚ እዚያ ማስገባት አለማስገባትሽን ትወስኛለሽ።

የሥራው ነገር ቀረኝ። «ጄሪካን ማንሳት፣ ልጅ ማዘል፣ እንጀራ መጋገር እችላለሁ ወይ?» ብለሻል። ትችያለሽ። ሉፕ በሸክም አይወርድም፣ በምግብ እጥረትም አይጎዳም፣ ጥሩ ካልበላሽ አይሠራም የሚሉትም ሐሰት ነው። የሚያግድሽ ቁርጠቱ ብቻ ነው፣ እሱም የዚያን ቀን ወይ የማግስቱን ነው። መሥሪያ ቤትሽ ፈቃድ የማይሰጥ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ክፍት መሆኑን ቀድመሽ ጠይቂ፣ አርብን ጾመሽ የምትውዪ ስለሆነ ቅዳሜ ቁርስሽን በልተሽ ለመሄድ ይመቻል። እንጀራውን ሐሙስ ጋግሪው። የቅዳሜ ምሳን ደግሞ ባልሽ ይሥራ፣ ፍርፍር አያቅተውም።